ስክሪኑ 160 ሲል ጥጉ 141፦ የ2,400 ቲሸርት ህትመት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ የአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ጉዳይ ነው። ቤቱንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። የሆነውን ግን መዝግቦ ማስቀመጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። 30 ቲሸርት አሳምሮ የሚያትም ቤት ብዙ ነው። ቁጥሩ 2,000 ሲያልፍ ግን ያው ማሽን፣ ያው ሰው፣ ያው ቀለም ሌላ ጠባይ ያወጣል።

ቤቱ የሚሠራው በዲቲኤፍ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ዲዛይኑ መጀመሪያ ፔት በሚባል የፕላስቲክ ፊልም ላይ ተገልብጦ ይታተማል። ቀለማቱ ይቀድማሉ፤ ነጩ ከላያቸው ይደረባል። ሳይደርቅ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል። ዱቄቱ እርጥቡን ቀለም ይዞ ይቀራል፤ ትርፉ ይራገፋል። ቀጥሎ ፊልሙ በምድጃ ውስጥ ሲያልፍ ዱቄቱ ይቀልጣል። በመጨረሻ ልብሱ ላይ ተደርጎ በሂት ፕሬስ፣ ማለትም እያሞቀ በሚጫን ማሽን፣ ይጫናል። ሙጫው ክሩ ውስጥ ሰርጎ ሲይዝ ፊልሙ ይላጥና ምስሉ ልብሱ ላይ ይቀራል።

ሲነገር አልጋ በአልጋ ነው።

ትዕዛዙና ቅሬታው

ደንበኛው ያዘዘው 1,500 ጥቁር የጥጥ ቲሸርት እና 900 ቀይ የፖሊስተር ቲሸርት ነበር። ዲዛይኑ አንድ ነው፦ ደረት ላይ 28 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ሰማያዊና ነጭ ዓርማ፣ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር። ቤቱ እስከዚያ ቀን የሠራው ትልቁ ትዕዛዝ 150 አይሞላም ነበር።

የመጀመሪያው ርክክብ 600 ጥቁር ቲሸርት ነው። በሁለተኛው ሳምንት 47ቱ ተመለሱ። አንዴ ወይም ሁለቴ ታጥበው ህትመቱ ተነስቷል።

የቤቱ ባለቤት ጠንካራ ሴት ናቸው። ቅሬታውን እንደሰሙ ወዲያው እርምጃ ወሰዱ። "አልያዘም ማለት ሙቀት አንሶታል ማለት ነው፤ ጨምሩበት" አሉ። ሂት ፕሬሶቹ ከ160 ወደ 170 ዲግሪ ከፍ አሉ። ጊዜውም ከ12 ሰከንድ ወደ 20 ሄደ። በዚህ አኳኋን 200 የጥጥ ቲሸርት ተሠራ። ከዚያ ወደ ቀዩ ፖሊስተር ተገባና 120 ታተመ።

ቀዮቹ ከፕሬሱ ሲወጡ ያምሩ ነበር። ነጩ ነጭ ነው። ታጥፈው ካርቶን ገቡ። ከሦስት ቀን በኋላ ካርቶኑ ሲከፈት ነጩ ሮዝ ሆኗል። ጭራሽ የዓርማው ነጭ ክፍል የታጠበ ቀይ ፎጣ የነካው ሸሚዝ ይመስል ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። እኔ የተጠራሁት ያን ቀን ነው።

ሮዙ ከየት መጣ

ከዚህ ልጀምር፤ ምክንያቱ ግልጽ ስለነበር። ፖሊስተር የሚቀለምበት ቀለም ዲስፐርስ ይባላል። ይህ ቀለም ሲሞቅ ከክሩ ተነስቶ ይጓዛል። ሰብሊሜሽን የሚባለው ህትመት የሚሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው፤ እዚያ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ተሰጥቶ ቀለሙ ሆን ተብሎ ወደ ክሩ እንዲገባ ይደረጋል። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። ልብሱ ውስጥ ያለው ቀይ በሙጫው አልፎ ወደ ነጩ ወጣ።

ክፋቱ ፈጥኖ አለመታየቱ ነው። ልብሱ ትኩስ እንዳለ ከተደራረበና ከታሸገ ሙቀቱ ውስጥ ይቆያል፤ ጉዞውም ካርቶኑ ውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ፖሊስተርን ከፕሬስ ሲወጣ አይቶ "ደህና ነው" ማለት ዋጋ የለውም።

120ዎቹን ውሃ በላቸው። የሚድኑበት መንገድ አልነበረም። ባለቤቷ ከራሳቸው ኪስ ተኩ።

ለቀሪዎቹ ቀዮች ሁለት ነገር ለወጥን። አንደኛ፣ በአነስተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ዱቄት ገዛን፤ በ130 ዲግሪ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ዱቄቱ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ከነጩ ጀርባ ሆኖ ቀዩን ይከላከላል። ጥቁር ዱቄት የራሱ ጣጣ አለው፦ ትንሽ ከጠርዝ ከወጣ እንደ ኩል መስመር ሆኖ ይታያል፤ ነጩ ከሳሳ ደግሞ ምስሉ ግራጫ ይመስላል። ነጩን ማወፈር ነበረብን። ሦስት ናሙና ሠርተን ሞቃት ቦታ ላይ ከባድ ነገር ጭነንባቸው ሁለት ቀን ተውናቸው። ነጩ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነው ሥራው የቀጠለው። ልብሶቹም ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዙ እንዳይደራረቡ ተባለ።

47ቱን ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት

አሁን ወደ መጀመሪያው ቅሬታ። ባለቤቷ የተመለሱትን በፌስታል አድርገው ጥግ ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር። ማየት አይፈልጉም፤ አልፈርድባቸውም። አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው።

41ዱ የተላጡት በአንድ ቦታ ነው፦ ከፊት ሲታዩ በግራ፣ ከታች። ልክ አንድ ሰው በጥፍሩ ከዚያ ጥግ የጀመረ ይመስል። የቀሩት 6 ግን የተለዩ ነበሩ። ጥጋቸው ደህና ነው፤ የረገፉት ትንንሾቹ ፊደላት ናቸው።

እኔም 41ዱን ይዤ 6ቱን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በ6 ቲሸርት ሰው ይደክማል እንዴ ብዬ። ወደኋላ ስመለስበት ያስከፈለኝን ታያላችሁ።

ጉድለት በአንድ ቦታ ሲደጋገም ቀለሙን ወይም ዱቄቱን ከመጠርጠር በፊት ቦታውን መጠርጠር ይሻላል። ቀለምና ዱቄት ግራና ቀኝ አያውቁም። ግራና ቀኝ ያለው ፕሬሱ ነው።

ጥጉን መለካት

ቤቱ ሁለት ሂት ፕሬስ አለው። "አሮጌው" እና "አዲሱ" ይሏቸዋል። ሁሉም የጠረጠረው አሮጌውን ነው። የትኛው ቲሸርት በየትኛው እንደተሠራ ግን ምልክት አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ነበር፤ በጨረር የሚያነበው። የላይኛው ብረት ላይ ስናነጣጥረው 118 አለ። ስክሪኑ 160 ይላል። ሁላችንም ደነገጥን። መሣሪያው ግን የተበላሸ አልነበረም። አንጸባራቂ አሉሚኒየም ሙቀቱን በጨረር እምብዛም አውጥቶ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሽጉጡ ሁሌም አሳንሶ ያነባል። ለእንዲህ ያለው ብረት አይሆንም።

ቴርሞኮፕል የሚባል በንክኪ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ አስመጣን። ጫፉ ቀጭን ሽቦ ነው። በሁለት ጨርቅ መካከል ተደርጎ ፕሬሱ ይዘጋበታል፤ የሚለካው ልብሱ የሚያገኘውን ሙቀት ነው። የታችኛውን ጠረጴዛ በዘጠኝ ቦታ ከፈልነው፦ ሦስት ከኋላ፣ ሦስት መሐል፣ ሦስት ከፊት። በየቦታው እስኪረጋ ጠብቀን ጻፍን።

አሮጌው በዘጠኙም ቦታ ከ154 እስከ 159 ሆነ። አዲሱ መሐሉ ላይ 158 አለ። የፊት ግራ ጥጉ ግን 141።

ፕሬሱን የሚሠራው ወጣት ቁጥሩን ሲያይ "ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ አዲሱ ነው" አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምነው። 141፣ 142። አዲስ ማለት ትክክል ማለት አይደለም። ስክሪኑ የሚያሳየው ሙቀት መለኪያው የተተከለበትን አንድ ነጥብ ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ነው። ጥጉ የራሱ ዓለም ነው።

ከሙቀቱ ቀጥሎ ግፊቱ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም። አራት ቁራጭ ወረቀት በአራቱ ጥግ አስቀመጥን፤ ፕሬሱን ሳናሞቅ ዘጋንና አንድ በአንድ ጎተትናቸው። ሦስቱ ይቀደዳሉ እንጂ አይወጡም። የፊት ግራው ቅቤ ላይ እንዳለ ተንሸራትቶ ወጣ። የታችኛውን የሲሊኮን ምንጣፍ ስናነሳው እዚያ ጥግ ላይ ተጨፍልቆ ሳስቷል። ወጣቱ የፊልም ጥቅሉን ለመቁረጥ የሚደገፈው እዚያ ላይ እንደሆነ በኋላ ነገረን።

እንግዲህ አንድ ጥግ፣ ሁለት በሽታ። ሙቀቱን ብቻ ያየ ሰው ብረቱን ያስለውጣል፤ ምንጣፉ እንዳለ ይቀራል። ምንጣፉን ያየ ደግሞ ርካሹን ለውጦ ገላገለኝ ይላል። እኛ በመጀመሪያ ምንጣፉን ቀይረን ናሙና አጠብን፤ መላጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የላይኛው ብረት ማሞቂያው ከውስጡ የተቀበረ ስለሆነ አይጠገንም። አዲስ ብረት እስኪመጣ 9 ቀን ፈጀ። እስከዚያ ጥጉን በሙቀት የማይላጥ ቴፕ ከበብነውና ህትመት እንዳያርፍበት አደረግን። ልብሱ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ተገፍቶ ይቀመጣል። አላማረም፤ ግን ሠራ።

ተከታታይ ሥራ

ልኬቱን ባዶ ፕሬስ ላይ ብቻ ብንተወው ኖሮ ግማሹን ባላወቅን ነበር። ወጣቱ እንደ ልማዱ ይሥራ አልነውና 20 ቲሸርት በላይ በላዩ ጫነ። ከዚያ መሐሉን ለካን፤ 149 ወርዷል። ልብስ ቀዝቃዛ ነው፤ ጥጥ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። እያንዳንዱ ቲሸርት ከብረቱ ሙቀት ይጠጣል። 30 ቲሸርት ለሚያትም ሰው ይህ አይታይም። 300 ለሚያትም ሰው ከ10ኛው በኋላ ያለው ሁሉ ሌላ ሥራ ነው።

ያደረግነው ቀላል ነው። ልብሱ ፊልም ሳይደረግበት ለ5 ሰከንድ ይጫናል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ሁለቱ ፕሬሶች በፈረቃ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲጫን ሌላው ያገግማል። በሰዓት የሚወጣው ቁጥር መጀመሪያ ሲቀንስ ባለቤቷ ፊታቸው ተለወጠ። ተመላሽ ሲጠፋ ግን ሒሳቡን ራሳቸው ሠሩት።

አንገትጌና ስፌት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወፍራም ስፌት በብረቱ ሥር ከገባ ብረቱን ከፍ አድርጎ ይይዘውና በዙሪያው ያለው ህትመት ግፊት ያጣል። አንገትጌው ከጠረጴዛው ውጭ እንዲንጠለጠል ተደረገ። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ሁሉም አታሚ ያውቀዋል፣ ሲቸኩል ግን ይረሳዋል።

የተናቁት 6 ቲሸርቶች

ጥጉ ተስተካክሎ ሥራው ከቀጠለ በኋላ ናሙና ማጠብ ጀመርን። ከየ50ው አንድ። ህትመቱ ከተጫነ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ተገልብጦ በ40 ዲግሪ 5 ጊዜ ይታጠባል። የቤት ውስጥ አጠባበቅን ለመፈተን አይሶ 6330 የሚባል መለኪያ አለ። እኛ ላቦራቶሪ ስላልነበረን ቢያንስ ሁሌም አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረግን።

ጥጉ ያዘ። ትንንሾቹ ፊደላት ግን ረገፉ። ያቺ 6።

ይህን ጊዜ የየቲሸርቱ ሰዓት ተጽፎ ነበር። የረገፉት በሙሉ ከሰዓት በኋላ የታተሙ ፊልሞች ናቸው። ጠዋት የታተመ አንድም የለበትም። በማግስቱ ከሰዓት አንድ ወንበር ስቤ ዱቄት የሚነሰንሰው ሠራተኛ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጠዋት ፊልሙን ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ያራግፋል፤ ትርፉ ዱቄት እንደ ውሃ ይወርዳል። ከሰዓት ግን አልወርድ ይላል። ባዶው ፊልም ላይ ነጭ ነጭ ብሎ ይቀራል። እሱም ከጀርባው በጣቱ ይመታዋል። ጠንከር አድርጎ። አምስት፣ ስድስት ጊዜ። ትርፉ ሲረግፍ ከቀጫጭን ፊደላቱ ላይ ያለው ዱቄትም አብሮ ይረግፋል። ትልቁ ዓርማ አይጎዳም፤ ብዙ እርጥብ ቀለም ስላለው ዱቄቱን ይዞ ያስቀራል።

የክፍሉን እርጥበት ለካነው። ጠዋት 48 በመቶ፣ ከሰዓት 31። ምድጃውና ሁለቱ ፕሬሶች ቀኑን ሙሉ ሲነዱ አየሩ ይደርቃል። አየሩ ሲደርቅ ፊልሙ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ዱቄቱንም እንደ ማግኔት ይስበዋል። ሠራተኛው ጥፋት የለበትም። ያየውን ቆሻሻ ነው ያጸዳው።

አንድ የአየር ማርጠቢያ ገባ፤ ክፍሉ ከ40 እስከ 60 በመቶ እንዲቆይ ተደረገ። ከመጠን ያለፈ እርጥበትም ደግ አይደለም፤ ዱቄቱ ይጓጉላል። የዱቄቱ ከረጢት ከሥራ በኋላ እንዲታሸግ አልን። የምድጃውንም ውጤት በዓይን እንዲለዩት አሳየናቸው፦ በደንብ የቀለጠ ሙጫ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያብረቀርቃል፤ ያልቀለጠ አሸዋ ይመስላል፣ በጣት ሲነካም ይሻክራል።

6ቱን መጀመሪያ ብጠይቃቸው ኖሮ ሁለት ሳምንት አተርፍ ነበር።

ሰማያዊው ለምን ደበዘዘ

ደንበኛው ሌላም ነገር አንስተው ነበር፦ "የሰኞው ሰማያዊ ከዓርቡ ጋር አይመሳሰልም።" ልክ ነበሩ። ሁሉም ግን ሰማያዊውን ቀለም ነበር የሚያየው። ችግሩ ነጩ ነው።

ነጭ ቀለም ውስጥ ያለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከባድ ነው፤ ከቆመ ይዘቅጣል። ማሽኑ ቅዳሜና እሁድ ጠፍቶ ሰኞ ሲነሳ የሚወጣው ነጭ ስስ ይሆናል። ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጩ ሲሳሳ ጥቁሩ ከሥር ይታያል፤ ሰማያዊውም ይጨልማል። ማሽኑ ቀለሙን የሚያዟዙር ፓምፕ ነበረው፤ ቅዳሜ ማታ ግን ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጠፋ ነበር። አሁን አይጠፋም።

ከዚህ ሌላ አንድ የሚያስቅ ነገር አገኘን። ፋይሉ ተሰርዞ እንደገና ሲጫን የህትመት ሶፍትዌሩ ሌላ የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሙ እንዴት እንደሚወጣ የሚወስን ቅንብር) ይመርጥ ነበር። ማንም አልነካውም። ስለዚህ የጸደቀው ፋይል ከነሙሉ ቅንብሩ ተቀመጠ፤ ጠዋት ጠዋት የኖዝል (ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች) ፍተሻ ወረቀት ይወጣል፤ ደንበኛው የፈረሙበት አንድ ቲሸርትም ከመብራት ርቆ በፕላስቲክ ታሽጎ ተቀመጠ። በየቀኑ የመጀመሪያው ህትመት ከእሱ ጋር በአንድ መብራት ሥር ይተያያል። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ቢኖር ጥሩ ነበር፤ አልነበረም። አንድ መብራት፣ አንድ ማጣቀሻ ቲሸርትና ሁለት ሰው ለዚህ ትዕዛዝ በቂ ሆነ።

ያልሠራው

ሙቀት መጨመር ምን እንዳመጣ ተነግሯል። ሁሉንም ሁለት ጊዜ በሙሉ ሰዓት መጫንም ሞክረን ነበር፤ ሥራውን በግማሽ ቀነሰው እንጂ ጥጉን አላዳነውም። ፊልሙ ከተላጠ በኋላ ለ5 ሰከንድ መድገም ግን ጠቀመ፤ በዚያው ቀጠልን።

ደንበኛው ከተረከቧቸው የቀሩትን ልብሶች እንደገና መጫንም በከፊል ነው የሠራው። ያልታጠቡት ተያያዙ። ታጥቦ የተነሳ ግን አይመለስም፤ ሙጫው ሥር ሳሙናና ብናኝ ገብቷል።

ትልቁ ስህተታችን ደግሞ በአንድ ቀን ምንጣፍ፣ ዱቄትና ጊዜ አንድ ላይ የለወጥንበት ቀን ነው። ውጤቱ ተሻሻለ። የትኛው እንዳሻሻለው ግን ማንም መናገር አልቻለም። ዱቄቱንና ጊዜውን መልሰን አንድ በአንድ ጀመርን።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ሌላ ቤት ሄጄ ቢሆን መጀመሪያ የማደርገው እያንዳንዱን ቲሸርት ምልክት ማድረግ ነው። የአንገትጌው መለያ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ፦ የፕሬሱ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት። ምንም ወጪ የለውም። 47ቱ ምልክት ቢኖራቸው ኖሮ አዲሱን ፕሬስ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናገኘው ነበር።

ዘጠኙን ነጥብ መለካት በወር አንዴ፣ የወረቀቱ ፈተና በየሳምንቱ ይበቃል። አዲስ የልብስ ዓይነት ሲመጣ፣ በተለይ ፖሊስተር ያለበት፣ ናሙናው ሁለት ቀን ሳይቆይ ሥራ አይጀመርም። ደንበኛው ቢቸኩልም። እዚህ ላይ ከባለቤቷ ጋር ተከራክረናል፤ አሁንም ድረስ ሁለት ቀን ይበዛል ይላሉ። እኔ አይበዛም ባይ ነኝ።

ፍጻሜው

ቀሪው ትዕዛዝ ተጠናቀቀ። ከእርማቱ በኋላ ከወጡት ቲሸርቶች 3 ተመለሱ። ምልክታቸውን ገልጠን አየን፦ ሦስቱም ፕሬስ 2፣ ሰኞ፣ ጠዋት፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ። ወጣቱ መዝገቡን አወጣ። ያን ቀን ዘግይተው ገብተው ስክሪኑ 160 እንዳለ ወዲያው ጀምረዋል። መሐሉ ቢሞቅም ጥጎቹ ገና አልደረሱም ነበር።

አሁን ወጣቱ ጠዋት እንደገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለቱን ፕሬሶች መለኮስ ነው። ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ። የመጀመሪያው ልብስ የሚጫነው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ፊልም ይቆርጣል። ምንጣፉ ላይ ሳይደገፍ።